ሞተሩ ለምን ቆመ?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲባል ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚታየው መሰላል ተሸክሞ የሚሄድ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ በኪሱ የያዘ፣ አምፑል የሚለውጥና ሶኬት የሚያበጅ ሰው ነው። ይህም ሰው ቢሆን የተከበረ ሙያ አለው። ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ግን ሌላውን፣ ማለት በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የቤት መብራት ቢጠፋ አንድ ቤተ ሰብ ሻማ አብርቶ ያመሻል። የፋብሪካ ሞተር ቢቆም ግን በእርሱ ኃይል የሚዞሩት መኪናዎች ሁሉ ይቆማሉ፤ ሠራተኛው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ ካቦው ይቆጣል፤ የቢሮው ስልክ መጮኽ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ሁሉም ዘወር ብሎ የሚያየው አንድ ሰው አለ።

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት ሁለት ነው። ከአንባቢዎቻችን ተማሪዎች መካከል ይህን ሙያ የሚይዙ ይኖራሉ። ከወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል ደግሞ ብዙዎቹ አንድ ቀን የፋብሪካ፣ የውሃ መግፊያ ጣቢያ፣ የሆስፒታል ወይም የወፍጮ ድርጅት ኃላፊ ሆነው ይህን ባለሙያ የሚያዝዙ ይሆናሉ። የሚያዝዝ ሰው ደግሞ ያዘዘው ነገር በሌላው ሰው እጅ ላይ ምን እንደሚሆን ቢያውቅ መልካም ነው።

በአገራችን ፋብሪካና የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ መንታ ልጆች አብረው ያደጉ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። ለምሳሌ ያህል ባሕር ዳርን እንመልከት። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲቲዩት ተከፈተ፤ ከሚያስተምራቸውም ሙያዎች አንዱ ኤሌክትሪክ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱና ማመንጫው በአንድ ከተማ ዙሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ታዲያ ፏፏቴውን ያደንቃል፤ የሽመናውንም አዳራሽ ጎብኝቶ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ቆሞ ኃይሉን ከሽቦ ወደ መዘውር የሚያሸጋግረውን ሠራተኛ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ማመንጫ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። አንዱ ከሌላው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። የማመንጫው መጠን እንዲህ ሲያድግ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ባለሙያ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፍቶ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ያው የቀድሞው ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ለምን ቆመ? የሚል ነው። የሙያውም ቁም ነገር ያለው «ለምን» በምትለው ቃል ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሞተሩ ጥቂት እንበል። በፋብሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው በሦስት ፌዝ የሚሠራው ሞተር ነው። የዚህን ሞተር መሠረታዊ ሐሳብ ኒኮላ ቴስላ በ1888 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ዛሬ በየፋብሪካው የምናየውን ዐይነት ደግሞ በጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው መሐንዲስ ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በ1889 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አሳየ። አሠራሩ ሲያዩት ያስገርማል። በቆመው ብረት ዙሪያ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ፌዞች ተራ በተራ ከፍና ዝቅ ሲሉ በጥቅሎቹ መካከል የማይታይ መግነጢሳዊ ኃይል ይዞራል፤ በመካከል ያለው ብረትም ያን ኃይል እየተከተለ ይሽከረከራል። ከሚዞረው ብረት ጋር የሚገናኝ አንድም ሽቦ የለም። ስለዚህ የሚያልቅ ነገሩ ጥቂት ነው፤ ኩሽኔታውን ግራሶ እየቀቡ፣ አቧራውን እየጠረጉ ቢይዙት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይሠራል። እንዲህ ያለ ታማኝ መኪና ሲቃጠል ጥፋቱ የራሱ የሚሆነው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በጎኑ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተመትታበታለች። አዲስ ሠራተኛ ሞተሩን ያያል፤ ነባሩ ሠራተኛ ሰሌዳዋን ያነባል። ለምሳሌ 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 30 አምፔር፣ በደቂቃ 1,450 ዙር ትላለች። በአገራችን ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ የዚህ ሞተር መግነጢስ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል። ብረቱ ግን ምን ጊዜም ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ ባይቀር ኖሮ የሚጎትተው ኃይል አይፈጠርም ነበር። 30 አምፔር የምትለዋ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሙሉ ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ሊጠጣው የሚገባው የኮረንቲ ልክ ናት። ሲነሣ ግን ከዚህ ስድስት እጥፍ ያህል ለጥቂት ሴኮንድ ይስባል። ትልልቆቹን ሞተሮች በመጀመሪያ በኮከብ ቅርጽ፣ ፍጥነት ሲይዙ ደግሞ በዴልታ እያገናኙ የሚያስነሡት፣ በኮከብ ሲነሡ የሚስቡት ኮረንቲ ወደ ሢሶው ስለሚወርድ ነው።

እዚህ ላይ ዕቃ ገዥ የሆኑ ወጣት ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሞተር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ዐቅም በተለምዶ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ላለ ቦታ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም። የደጋው ብርድ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል፤ በሞቀ የፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ ግን ብርዱ የለም። በዚህ ምክንያት በቆላ ወደብ ያለ ሐሳብ የሚሠራ ሞተር በደጋ ሙሉ ሸክም ሲጫንበት ሊግል ይችላል። በጨረታ ወረቀት ላይ «ከፍታው ይህን ያህል ነው» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ወጪ የለውም። ያ መስመር ሳይጻፍ ሲቀር ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ከሌሊት እንቅልፉ የሚጠራው ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንበልና በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የአንዱ አዳራሽ የአየር ማራገቢያ ሞተር ቆመ። በመቆጣጠሪያው ሳጥን ውስጥ ኦቨርሎድ የሚባለው መጠበቂያ ዘሏል። ይህ መጠበቂያ ኮረንቲ ከልክ ሲያልፍ የሚሞቁና የሚታጠፉ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉት፤ ሲታጠፉ ሞተሩን ያቆሙታል። ቀዝቀዝ ሲሉ በላዩ ያለውን አዝራር ተጭኖ መመለስ ይቻላል። መመለሱን ሕፃንም ያውቀዋል። ካቦው ይጫነዋል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቆማል። ዳግመኛ ይጫነዋል፤ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው መንገድ አጭር ነው። በመጠበቂያው ላይ ያለችውን የልክ መዘውር በካቻቢቴ ከ30 ወደ 45 ከፍ ማድረግ፤ ይህ አልበቃ ቢል መጠበቂያውን በአንዲት ቁራጭ ሽቦ አልፎ ማገናኘት፤ ወይም ደግሞ ኮንታክተሩን በእንጨት ሽብልቅ ወጥሮ እንዳይለቅ ማድረግ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው በብዙ ቦታ ይገኛል፤ እንዲያውም «ቆንጆ ሠራተኛ፣ ምንም አያቆመው» ተብሎ ይመሰገናል። ሞተሩም በእውነት ይነሣል። ምናልባት እስኪነጋ ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ ረዘም ይላል። ባለሙያው መጀመሪያ መኪናውን የሚጠብቀውን ሠራተኛ ይጠይቃል፤ ከመቆሙ በፊት ድምፁ ተለወጠን? አጉረመረመን? እጁን ወደ ሞተሩ አካል አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካል። ያሸታል፤ የተቃጠለ ቬርኒሽ ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ፈጽሞ አይረሳውም። የጥጡ ብናኝ የሞተሩን የብረት ክንፎች እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗቸው እንደ ሆነ ያያል፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህ አንዱ ዋና ጠላት ነው። ኃይሉን አጥፍቶና ቆልፎ ዘንጉን በእጁ ያዞራል፤ ኩሽኔታው ይዞ ከሆነ እጁ ይነግረዋል። ከዚህ በኋላ ነው ሽቦውን አቅፎ የሚለካውን አምፔር መለኪያ በሦስቱ ፌዞች ላይ ተራ በተራ የሚያደርገው። እንዲህ ይሆናል እንበል፤ በአንደኛው 49 አምፔር፣ በሁለተኛው 49፣ በሦስተኛው ዜሮ።

ነገሩ ተገኘ። ሞተሩ በሁለት ፌዝ ብቻ እየሠራ ነው። አንዱ ፌዝ ሲቋረጥ የሚሽከረከር ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ ሸክሙን ላለመጣል በቀሩት ሁለት መስመሮች ላይ ከቀድሞው 1.7 እጥፍ ያህል ኮረንቲ እየሳበ፣ እያጉረመረመ ይጎትታል። አንድ በሬ ከጥማድ ቢወጣ ሌላው ብቻውን ሊያርስ እንደሚታገል ያለ ነው። በዚህ ጊዜ ጥቅሉ ይግላል። ጥቅሉን የሚሸፍነው ቬርኒሽ ከተመደበለት ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ሒሳብ አለ። ኦቨርሎዱ የዘለለው ይህን ለማዳን ነበር። በሽቦ አልፎ ያገናኘው ሰው በር ላይ የሚጮኸውን ውሻ አፉን ያሠረ ያህል ነው።

ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? በሳጥኑ ውስጥ የአንድ ፌዝ ማሠሪያ ብሎን በመኪናዎቹ መንቀጥቀጥ ብዛት ላልቶ፣ ሽቦው ጠቁሮና ተቃጥሎ ኖሯል። ጥገናው ሃያ ደቂቃ፣ ፍለጋው ሌላ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። በአርባ ደቂቃ የተጠናቀቀ ሥራ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተሄደ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ተፈትቶ፣ መዳቡ ወጥቶ እንደ ገና እስኪጠመጠም ድረስ ብዙ ቀን፣ አዲስ ከውጭ እስኪመጣ ቢጠበቅ ደግሞ ብዙ ወር ከነውጭ ምንዛሪው ይጠይቃል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስለ ሌላ ዐይነት ጥምጣም ቢሆንም ለሞተር ጥገና ቤትም ይስማማል። አንዳንዱ የጥገና ቤት የተቃጠለውን መዳብ ቆርጦ አውጥቶ አዲሱን ጠምጥሞ ይመልሳል፤ በሳምንቱ ሞተሩ ተመልሶ ይመጣል። አዋቂው ጠጋኝ ግን አሮጌውን ጥቅል ከመጣሉ በፊት እንደ ሐኪም ይመረምረዋል። በኮከብ የተገናኘ ሞተር ከሦስቱ ክፍል ሁለቱ ጠቁረው አንዱ ንጹሕ ከሆነ አንድ ፌዝ ተቋርጦበት ነበር ማለት ነው፤ በዴልታ የተገናኘ ከሆነ ደግሞ አንዱ ጠቁሮ ሁለቱ ንጹሐን ይሆናሉ። ዙሪያውን እኩል የጠቆረ እንደ ሆነ ሸክም በዝቶበት ወይም ማቀዝቀዣው ተዘግቶበት ነው። የተቃጠለ ሞተር ለሚያነበው ሰው ደብዳቤ ነው።

የአጭሩን መንገድ ጥፋት በኤሌክትሪክ ሠራተኛው ላይ ብቻ መጫን ልማድ ሆኗል። በበኩላችን ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። ሽቦውን የሚያገናኘው የሠራተኛው እጅ ቢሆንም፣ «ምክንያቱን ነገ ትፈልገዋለህ፤ አሁን አስነሣው» የሚለው ቃል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከበላይ ነው። የቀኑን የምርት ቁጥር መሙላት ያለበት ሹም ሲጨነቅ መጨነቁ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛ፣ ያ «ነገ» በጥገና መዝገብ ላይ ካልተጻፈ አይመጣም። ሁለተኛ፣ መጠበቂያው የቆመው ለሞተሩ ብቻ አይደለም፤ በግለት ውስጥ ያለ ሽቦና የጥጥ ብናኝ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚከተለው እሳት ነው፤ በሌሊት ፈረቃ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሰው አለ። ስለዚህ በደንብ በሚመራ ፋብሪካ መጠበቂያን አልፎ ማገናኘት በቃል የሚታዘዝ ነገር አይደለም። አዛዡ ፈርሞ የሚያዝዘው ቢሆን ምን ያህሉ ሰው ይፈርም እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።

ስለ ሰው ሕይወት ካነሣን አይቀር ሠራተኛው በራሱ ላይ የሚሸከመውን አደጋ መናገር ይገባል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ችግር ግን ልጡና እባቡ አንድ መልክ መሆናቸው ነው፤ ኃይል ያለው ሽቦና ኃይል የሌለው ሽቦ በመልክ አይለዩም። በሰውነት ውስጥ የሚያልፍ ኮረንቲ 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲደርስ የያዘ እጅ መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ከዚያ ከፍ ሲልና ሲቆይ ልብን ያውካል። ስለዚህ ነው ሰውን ለማዳን የሚሠራው መጠበቂያ በ30 ሚሊ አምፔር እንዲያቋርጥ የተወሰነው። ባለ 60 ዋት አምፑል በ220 ቮልት ሲበራ 270 ሚሊ አምፔር ያህል ይጠጣል። እንግዲህ አንድ ትንሽ አምፑል የምታበራበት ኮረንቲ ሰው የሚጠበቅበት ልክ ዘጠኝ እጥፍ ነው።

በዚህ ምክንያት የሙያው ሥርዓት ጥብቅ ነው። ኃይሉ ይጠፋል፤ ማጥፊያው በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉም በሠራተኛው በራሱ ኪስ ይሆናል። ሦስት ሰዎች በአንድ መኪና ላይ ቢሠሩ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ የመጨረሻው ሰው የራሱን ሳይፈታ ማንም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ ማብራት አይችልም። ቀጥሎ መፈተኛው ራሱ እንደሚሠራ ኃይል ባለበት ቦታ ይፈተናል፤ ከዚያ የሚሠራበት ቦታ ይፈተናል፤ ከዚያ መፈተኛው እንደ ገና ኃይል ባለበት ይፈተናል። ይህ ለተመልካች አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን መፈተኛው በመካከሉ ተበላሽቶ «ኃይል የለም» ቢል ሁለተኛ ዕድል የለም። ሁሉም በኪሱ የሚይዛት፣ ጣት ሲነካት የምትበራዋ ቴስተር ካቻቢቴ ለዚህ ሥራ አትበቃም፤ ሳትበራ መቅረቷ ኃይል ለመጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንምና።

ከጠፋም በኋላ የሚቆይ አደጋ አለ። የኮረንቲ ብክነትን ለማረም የሚተከሉት ካፓሲተሮችና የሞተርን ፍጥነት የሚለዋውጡት ዘመናውያን መሣሪያዎች ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ኃይል በውስጣቸው ይይዛሉ፤ ስለዚህ ክዳናቸው ላይ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ ተጽፏል። መብራት በሚቋረጥበት አገር ደግሞ የፋብሪካው ጄኔሬተር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጄኔሬተሩና የከተማው መስመር በአንድ ጊዜ ሊገናኙ እንዳይችሉ የሚያደርግ መቀያየሪያ ካልተተከለ፣ የጄኔሬተሩ ኃይል በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ፣ ተጨምሮም ከፍ ብሎ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተቋረጠውን መስመር የሚጠግነውን የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ገዳዩና ሟቹ ተያይተው አያውቁም።

ወደዚህ ሙያ መግባት ለሚሹ ወጣቶች በሩ ክፍት ነው፤ በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአዲስ አበባው ተግባረ እድ ጀምሮ ዛሬ በየክልሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ። ሒሳብ ይጠይቃል፤ ፊዚክስ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ የሥዕል ንባብ ይጠይቃል፤ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ሥዕል ማንበብ የማይችል ሠራተኛ በማያውቀው ከተማ ያለ መሪ እንደ ገባ መንገደኛ ነው። ዛሬ ደግሞ ድሮ በሃያ ኮንታክተርና ቅብብሎሽ ይሠራ የነበረውን ሥራ አንድ ትንሽ የኮምፒዩተር መቆጣጠሪያ ስለሚሠራው፣ ሠራተኛው በአንድ እጁ ካቻቢቴ በሌላው ላፕቶፕ መያዝ ግድ ሆኖበታል። ይሁን እንጂ በላፕቶፑ መስታወት ላይ «ጉድለት» ብሎ የሚወጣው ቃል የላላውን ብሎን ሄዶ አያጠብቅም። እጅ በግራሶ መቆሸሹን የሚጠላ ተማሪ ቢኖር ሌላ ሙያ ቢመርጥ ለእርሱም ለሞተሩም ይበጃል።

አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቅ ሥራ ይሰጠኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ነባሩ አለቃው ደብተርና እስክሪፕቶ ሰጥቶ «ሞተሮቹን ሁሉ ዙርና ሰሌዳቸውን ጽፈህ አምጣ፤ የእያንዳንዱንም ኦቨርሎድ በስንት ላይ እንደ ቆመ ጻፍ» ቢለው ቅር ሊለው አይገባም። ሁለቱ ቁጥሮች የማይስማሙበት ሞተር ከተገኘ ከዚህ ቀደም አንድ ሌሊት አንድ ሰው አጭሩን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ሁለተኛው የሚማረው ነገር የፈረቃ መዝገብ አጻጻፍ ነው። ጥሩ መዝገብ ጌጥ የለውም። ከላይ ለምሳሌ ያነሣነው የሌሊት ሥራ ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ከሌሊቱ 8፡10፤ የሦስተኛው አዳራሽ አየር ማራገቢያ ሞተር ቆመ። ኦቨርሎዱ ዘሎ ተገኘ። የአንዱ ፌዝ ብሎን ላልቶ ሽቦው ተቃጥሏል፤ ተቆርጦ እንደ ገና ታስሯል። ከተነሣ በኋላ ኮረንቲው 27፣ 27፣ 28። ኦቨርሎዱ በ30 ላይ እንዳለ ነው፤ አልተነካም። የጎረቤቶቹ ሳጥኖች ብሎን አልታየም፤ የቀኑ ፈረቃ ይየው።»